የሽንኩርቱ መኪናና ቀዩ ፋኖስ

ልጅ ሳለሁ በመንደራችን ባቡር በዓይኑ ያየ ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የአባቴ ታላቅ ወንድም አያ ሙሄ። አያ ሙሄ ደግሞ ከባቡር በቀር ሌላ ተረት አያውቁም ነበር። የሌላ አገር ልጆች ስለ ጅብና ስለ ጦጣ እየሰሙ ሲያድጉ፣ እኛ ከከሚሴ ወጣ ብሎ በጨፋ ሸለቆ ዳር የተወለድን ልጆች፣ በአካባቢያችን አንድ ክንድ ሐዲድ ሳይኖር፣ ሐዲድ የሚያቋርጥ መኪና በባቡር እንዴት እንደሚመታ እየሰማን አደግን። ያኔ ነገሩ አስቂኝ መሆኑን ከእኛ በስተቀር ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር።

አያ ሙሄ በወጣትነታቸው ወደ ምሥራቅ ወርደው፣ ከድሬዳዋ ወዲህ በአሮጌው የባቡር መስመር ላይ፣ የመኪና መንገድ ሐዲዱን በሚያቋርጥበት አንድ ቦታ ዘበኛ ነበሩ። ሥራቸው ባቡር ሲመጣ መንገዱን በረጅም የእንጨት ማገጃ መዝጋት፣ ባቡሩ ሲያልፍ ማገጃውን ማንሳት ነው። ስንት ዓመት እንደሠሩ ሲጠየቁ «እስኪበቃኝ» ብለው ያልፉት ነበር። ወደ አገራቸው ሲመለሱ ይዘውት የመጡት ንብረት አንድ ፋኖስ ብቻ ነው፤ በአንድ ጎኑ ቀይ፣ በሌላው ጎኑ አረንጓዴ መስታወት ያለው ከባድ የብረት ፋኖስ።

የተረቱ ሰዓት በመግሪብና በኢሻ ሶላት መካከል ነበር። በዚያ ሰዓት ከቦርከና ረግረግ የሚነሳው ትንኝ ሰውንም ከብቱንም አያስቀምጥም፤ ስለዚህ በግቢው መሐል ኩበት ይጨሳል፤ እኛ ልጆችም ከላሞቹ ጋር ጭሱን ተሻምተን እንቀመጣለን። ዓይናችን ያነባል፤ ከፍሙ ስር የተቀበረ የማሽላ እሸት ይሸታል፤ ላሞቹ ከኋላችን ያመሰኳሉ። አያ ሙሄ ፋኖሱን ይለኩሱና ቀዩን ጎን ወደ እኛ ያዞሩታል። ቀይ በበራበት ማንም አይናገርም፣ ማንም አይነሳም። ፊታችን ሁሉ ቀልቶ፣ ጭሱም ቀልቶ፣ የአንዷ ላም ቀንድ ሳይቀር ቀልቶ እናያለን። ተረቱ ሲያልቅ ፋኖሱ ወደ አረንጓዴ ይዞራል፤ ያኔ ወደየቤታችን መሄድ እንችላለን። እናቴ በቃሏ ያልቻለችውን ሥርዓት ያ መስታወት በአንድ ዙር ያስከብረው ነበር።

ከአዋቂዎቹ ዘወትር የሚገኘው ጎረቤታችን አያ እንድሪስ ነበር። ለአያ ሙሄ «እሳቸው» እያልኩ ለእሱ «እሱ» የምለው በንቀት አይደለም፤ አያ እንድሪስ ማንም ልጅ አንቱ ሲለው የሚስቅ፣ ልብስ ሰፊ፣ ቀልደኛ፣ ባለ አንድ እግር ሰው ነበር። እግሩን በመኪና አደጋ እንዳጣ እናውቃለን፤ ከዚያ አልፈን ጠይቀን አናውቅም። ምርኩዙን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ ዱካ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ በቃሉ የሚያውቀውን ተረት በየማታው እንደ አዲስ ያዳምጥ ነበር።

በአያ ሙሄ ተረት ውስጥ መኪኖቹ እንደ ሰው ጠባይ ነበራቸው። አንዱ ችኩል ነበር፤ ባቡሩን ከሩቅ አይቶ «እቀድመዋለሁ» ያለ። አንዱ ራድዮኑን ከፍቶ የባቡሩን ጥሩምባ ከዘፈኑ ጋር የቆጠረ። አንዱ ቀኙን ብቻ ያየ፤ ግራም ያለ መሆኑን የረሳ። ሁሉም ተመቱ። አያ ሙሄ ሲያወሩት ግን አያስፈራሩም፤ ስለ አንድ ግትር አህያ እንደሚያወራ ሰው ረጋ ብለው ያወሩታል። በመጨረሻም ደንቡን ያስደግሙናል። ሐዲድ አጠገብ ስትደርስ ሞተር አጥፋ፤ መስኮት አውርድ፤ አፍህን ዝጋ፤ ከዚያ እስከ አስር ሁለት ጊዜ ቁጠር። እኛም በኦሮምኛ አንድ ላይ እንቆጥራለን። ቶኮ፣ ለመ፣ ሰዲ፣ አፉር እያልን፣ ላሞቹ እስኪዞሩ ድረስ።

አንድ ተረት ብቻ ሳይጨርሱት የሚተዉት ነበር፤ የሽንኩርቱ መኪና። ባቡሩ ያልፋል። ሽንኩርት የጫነው መኪና ከማገጃው ወዲህ ቆሞ ይጠብቃል። ባቡሩ ስላለፈ ማገጃው ይነሳል፤ መኪናው ሐዲዱ ላይ ይወጣል። ባቡሩን ዳገት ላይ ሊያግዝ የተላከ አንድ ሌላ የባቡር ሞተር ብቻውን ከኋላ እየመጣ መሆኑን ግን ማንም ልብ አላለም። ይመታል፤ ሽንኩርቱ እንደ ጠጠር በሜዳው ይበተናል። እዚህ ላይ እኔ ሁልጊዜ እጠይቃለሁ።

«ማገጃውን ማን አነሳው?»

«አንድ ሰው» ይላሉ አያ ሙሄ።

አያ እንድሪስ ያን ጊዜ ያስላል። ጭሱ ነው ብለን እናስብ ነበር።

ከዚያ ተረት በኋላ አንድ ማታ አያ ሙሄ የተናገሩት ነገር እኔን ለዓመታት እንቅልፍ ነሳኝ። «ይህን ወሬ ሰምቶ፣ በዚህ ምክንያት አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ፣ ሐዲድ ጋ ፍሬን ሲይዝ በዓይኔ ካየሁ፣ ይቺን ፋኖስ ለእሱ እሰጣለሁ» አሉ። ድምፃቸው የተረት ድምፅ አልነበረም።

ከመሐላችን ሰይድ የሚባል ልጅ ነበር፤ ቀይ መብራትም ዝም የማያሰኘው። «አያ ሙሄ» አላቸው፣ «እዚህ አገር ፍሬን የሚይዝ የአባቴ በሬ ብቻ ነው። ፋኖሷን ለእሱ ይስጡት።»

ላሞቹ እስኪደነግጡ ተሳቀ። አያ ሙሄም ሳቁ፤ ፋኖሱን ግን ወደ አረንጓዴ ሳያዞሩ ብዙ ቆዩ። እኔ አልሳቅሁም። እኔ ያቺን ፋኖስ እፈልጋት ነበር። ተረቶቹን ሁሉ በቃሌ ይዣለሁ፤ ደንቡን ከሁሉም ቀድሜ እደግማለሁ፤ ፍሬን የሚይዝ ሰው ከተገኘ እኔ ለመሆኔ ጥርጥር አልነበረኝም። የጎደለኝ መኪናና ባቡር ብቻ ነበር።

ዓመታት አለፉ። እኔ ተምሬ ከሚሴ ውስጥ የፊዚክስ መምህርት ሆንኩ። ባቡር ፍሬን ከያዘ በኋላ ምን ያህል ርቀት ተንሸራቶ እንደሚቆም በሰሌዳ ላይ እያሰላሁ አስተምራለሁ፤ ተማሪዎቼም ከእኔ ጋር ያሰላሉ፤ መልሱ ሁልጊዜ ትክክል ይመጣል። ሰይድ ከአስረኛ ክፍል አቋርጦ ሚኒባስ ነጂ ሆነ። አያ ሙሄም አያ እንድሪስም አረጁ፤ ፋኖሱም ሚስማር ላይ ተሰቅሎ አቧራ ለበሰ። መንደሩ ውስጥ የአያ ሙሄ ልብ ድሬዳዋ ቀርቷል የሚለው ቀልድ ግን አላረጀም።

ከዚያ ባቡሩ መጣ። መጀመሪያ የመጣው ሐዲዱ ነው። ትልልቅ ማሽኖች ሸለቆውን ቆርጠው አፈሩን ከመሩ፤ በላዩ ብረት ዘረጉና ሄዱ። ሐዲዱ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ተኛ። ዝም ያለ ነገር ደግሞ እኛ ዘንድ ሥራ አያጣም፤ በርበሬ ተሰጣበት፣ ማሽላ ተወቃበት፣ ከብት በጥላው አረፈ። ራቅ ብሎ መኪና ከሐዲዱ ሥር የሚያሳልፍ ጥሩ መተላለፊያ ተሠርቶልናል፤ እኛ ግን በአባቶቻችን የጋሪ መንገድ ላይ ጠጠር አፍስሰን የራሳችንን አቋራጭ አበጀን። በኋላ ባቡር አልፎ አልፎ ብቅ ማለት ሲጀምር መንደሩ ተቀምጦ አጠናውና ደንብ አወጣለት። ባቡር በቀን አንድ ጊዜ ያልፋል፤ ካለፈ አለፈ። ይህን ደንብ ለባቡሩ የነገረው ሰው መኖሩን አላውቅም።

የአያ እንድሪስ የልጅ ልጅ ሀዋ የተዳረችው የማሽላው አጨዳ ካለቀ በኋላ ነው። ሙሽራው ከሐዲዱ ማዶ ካለ መንደር ነበር። ከቀትር በኋላ አጃቢው ተነሳ። ፊት የሰይድ ሚኒባስ፤ ከፊት ወንበር አያ ሙሄ፣ ከኋላቸው እኔና አያ እንድሪስ፣ ሌሎቹም ታጭቀው። ቀጥሎ ሙሽሪት በአበባ ባሸበረቀች የቤት መኪና፤ ነጂዋ የሙሽራው ጓደኛ፣ ለአካባቢው እንግዳ የሆነ ወጣት። ከኋላ ሴቶችን የጫነ አይሱዙ፤ ድቤው ሲመታ የሚኒባሱ መስታወት ይንቀጠቀጣል። በእኛ ዘንድ የሙሽራ መኪና ከአባቷ ደጅ ከተነሳች ከባሏ ደጅ ሳትደርስ አትቆምም። ከቆመች ትዳሩ በመንገድ ይቆማል ይባላል። እኔ የማላምንበት ነገር ነው፤ ግን በዚያ ቀን እኔም አክብሬው ነበር።

ሐዲዱ ጋ ስንደርስ ግራና ቀኙ በታጨደ አገዳ ክምር ተሸፍኗል። ሰይድ ከክምሩ ወዲህ ቆመ። ሞተሩን አጠፋ። መስኮቱን አወረደ።

«ምን ሆነህ ነው?» አልኩት።

«አፍሽን ዝጊ፣ ዘይኑ» አለኝ በትህትና።

እዚህ ላይ ያልኩትን ሳልደብቅ መጻፍ አለብኝ። «ሰይድ፣ ባቡሩ ጠዋት ወደ ኮምቦልቻ ሲያልፍ እኔ ራሴ አይቼዋለሁ። አልፏል። ሂድ» አልኩት። የባቡርን ፍሬን በሰሌዳ የማሰላው፣ ደንቡን ከሁሉም ቀድሜ የማውቀው፣ ፋኖሱን ለራሴ የቆጠርኩት እኔ ነኝ ይህን ያልኩት።

«ያለፈውን አውቀዋለሁ» አለ። «የማላውቀው የሚመለሰውን ነው።»

ከኋላ ጥሩምባ ጮኸ። የሙሽራ መኪና ቆማለች። ከአይሱዙ ላይ አንዲት ሴት «አንተ ሰይድ፣ ነዳጅ አልቆብህ ነው ወይስ ልብ?» ስትል ድቤው ቆሞ ሳቅ ተነሳ። ሌላዋ ቀጠለች፣ «ሚስት ያላገኘው እሱ፣ የሚያስቆመው የሰው ሙሽራ።» የሙሽራው ጓደኛ ግን አልሳቀም። መሪውን ጠምዝዞ በጎናችን ለማለፍ ወጣ። ሀዋ በአበባው መሐል በነጭ ሻሽ ተሸፋፍና፣ አንገቷን ደፍታ፣ በመስኮቴ ትይዩ ታየችኝ።

ሰይድ ሞተሩን አስነሳ። ወደ ፊት ሄደ ብዬ ነበር፤ እሱ ግን ሚኒባሱን ከሙሽሪት መኪና ፊት ወደ ጎን አዙሮ ጠባቡን መንገድ ዳር እስከ ዳር ዘጋውና ሞተሩን መልሶ አጠፋ። እንግዳው ልጅ ወርዶ እየተሳደበ መጣ። ሰይድ በመስኮቱ «አብሽር ወንድሜ፣ እስከ አስር ሁለት ጊዜ ብቻ» አለውና መቁጠር ጀመረ።

«ቶኮ።»

«ለመ» አለ ከኋላዬ አንድ ሰው፤ ከእኛ ጋር ያደገ።

«ሰዲ» አሉ ከአይሱዙ ላይ ሁለት ሦስት ሴቶች፤ እነሱም በዚያ ጭስ ውስጥ ያደጉ። ድቤው ዝም እንዳለ ነበር። እየቀለዱ ነበር የሚቆጥሩት፤ ግን ቆጠሩ። አንዱ አስር አለቀ። ምንም የለም። እንግዳው ልጅ ሰዓቱን ለሰይድ አሳየው። ሁለተኛው አስር ተጀመረ። እኔ አልቆጥርም ነበር፤ አፌ ውስጥ «አላልኩህም?» የሚለው ቃል ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር።

«ቶርባ» ላይ፣ ሰባት ማለት ነው፣ ሐዲዱ ጮኸ። ብረት በሩቅ ሲሳል የሚሰማ ቀጭን ድምፅ ነው። ወዲያው ጥሩምባው፤ ወዲያው ከክምሩ ጀርባ፣ ጠዋት ከሄደበት ከኮምቦልቻ በኩል፣ የባቡሩ ሞተር የአንድ ፎቅ ቤት ያህል ሆኖ ወጣ። ነፋሱ የሙሽሪትን መኪና አበባ ገፎ ወሰደው። ሦስት ይሁን አራት ፉርጎ ነበር የጎተተው፤ ለመቁጠር የቸኮለ ሰው አልነበረም። ካለፈ በኋላም ሰይድ አልተንቀሳቀሰም። ጅራቱ ርቆ፣ ሐዲዱ በሁለቱም አቅጣጫ ባዶውን እስኪታይ ቆየ። እስከ አስርም እንደገና ቆጠረ፤ በዚህኛው ዙር የሙሽራው ጓደኛ፣ ቋንቋውን ሳያውቅ፣ ከኛ ጋር ቆጠረ።

በሚኒባሱ ውስጥ መጀመሪያ የተናገሩት አያ ሙሄ ናቸው። እጃቸው የበሩን መያዣ እንደጨበጠ ነበር። «ልጮህብህ አፌን ከፍቼ ነበር» አሉት። «እግርህ ቀደመኝ።» ከዚያ ወደ ውጭ ዞረው ለረጅም ጊዜ ሜዳውን አዩ። አያ እንድሪስ ከእኔ ጎን ሆኖ መዳፉን በቀረችው ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ «አልሐምዱሊላህ» ይላል፤ ያንኑ ደጋግሞ ይላል። እኔ ያዘጋጀሁትን ቃል ዋጥኩት።

ከዚያ በኋላ የነበረውን ጉዞ ሸለቆው የረሳው አይመስለኝም። ድቤው ሲነሳ ሴቶቹ የሙሽሪትን ዘፈን ትተው የሰይድን ዘፈን አወጡ። ሚስት የለውም ያለችው ሴት ራሷ ግጥሙን መራችው፤ ቆጥሮ የሚያገባ፣ ቆጥሮ የሚነዳ እያለች። ከሙሽራው ደጅ ስንደርስ የዘገየንበትን ሊቆጡ የወጡ ሽማግሌዎች ነገሩን ሰምተው ሰይድን በትከሻቸው ተሸከሙት። ሀዋ የቆመች ሙሽራ ናት ብሎ የተናገረ አንድም አፍ አልተገኘም። እንዲያውም ያን ቀን በመንገድ የቆመ ትዳር ይጸናል የሚል አዲስ ነገር በመንደሩ ተጀመረ፤ ዛሬ ከጥንት የመጣ ነው ይሉታል።

በማግስቱ ከመግሪብ በኋላ አያ ሙሄ ሁላችንንም ጠሩን። ኩበቱ ጨሰ፤ ትንኙ እንደ ድሮው ነበር። እኛ ግን ጉልበታችን ስለማይታጠፍ ወንበር ላይ ተቀመጥን፤ በቦታችን ልጆቻችን ከላሞቹ ጋር ጭስ ተሻሙ። ፋኖሱ ተወልውሎ ነበር። አያ ሙሄ ቀዩን ወደ እኛ አዞሩና የሽንኩርቱን መኪና ተረት ጀመሩ። ባቡሩ አለፈ፤ ማገጃው ተነሳ። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ስጠይቀው የኖርኩትን ልጠይቅ ስል እሳቸው ቀደሙኝ።

«ማገጃውን ያነሳሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ሌላ ሞተር እንደሚመጣ ተነግሮኛል። ግን ነጂው ከመኪናው ውስጥ ‹አከም ኦልተኒ› ብሎ በአገሬ ቋንቋ ሰላም አለኝ። ከስንት ዓመት በኋላ የከሚሴ ሰው። እንጨቱን አነሳሁና ሰላምታው ውስጥ ገባሁ።»

የእኛ ሰላምታ ረጅም ነው። ቤቱ ይጠየቃል፣ ልጆቹ ይጠየቃሉ፣ ዝናቡ፣ አዝመራው፣ ከብቱ ይጠየቃል፤ መሐሉ ላይ ጥሎ መሄድ ደግሞ ነውር ነው። ነጂው ጥሎ አልሄደም። መኪናውን ሐዲዱ ላይ አቁሞ መልስ ይመልስ ነበር።

ከግድግዳው በኩል ሳል ተሰማ። «ሰላምታውን የጀመርኩት እኮ እኔ ነኝ» አለ አያ እንድሪስ። «ያንን ለምን ትዘለዋለህ? እግሬን አንተ ብቻ የወሰድካት ታስመስላለህ። እኩል ነን ብዬህ ነበር፤ አንተ አልሰማ ብለህ ስንት ዓመት ጆሮዬን በሽንኩርት ሞላኸው።»

ማንም አልሳቀም፤ መሳቅ እንዳለብንም እንደሌለብንም አላወቅንም። ሁለቱ ሰዎች በየማታው ጎን ለጎን የተቀመጡት፣ አንዱ እየተረከ ሌላው እያሳለ፣ አንድ ተረት ለመጨረስ መሆኑ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አያ ሙሄ በቀዩ ብርሃን ውስጥ ወደ ጓደኛቸው ዞሩ።

«ሞተሩ ሲመጣ ስለ ላሞቹ ጠይቄህ ነበር» አሉት። «አልመለስክልኝም።»

«ጊዜ መቼ ሰጠኸኝ?»

«ታዲያ ላሞቹስ?»

«ነጉማ» አለ አያ እንድሪስ። «ደህና ናቸው። ሁሉም ደህና ናቸው።»

አያ ሙሄ ፋኖሱን አንስተው ለሰይድ ሰጡት። ሰይድ፣ ያ ቀይ መብራት ዝም የማያሰኘው ልጅ፣ በሁለት እጁ ተቀብሎ ቃል አጣ። ለአባቱ በሬ ይሰጥ ያለውን ያስታወሰ እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ አስታውሼ ነበር፤ ደግነቴ ሆኖ አላነሳሁትም።

ዛሬ በአቋራጩ ላይ መኪና የሚያልፍ የለም፤ መንደሩ ራሱ በድንጋይ ዘግቶት፣ ዞሮ ከሐዲዱ በታች ይሄዳል። ፋኖሱ የሰይድ ሚኒባስ ውስጥ ከመስታወቱ ሥር ተንጠልጥሏል፤ ተሳፋሪ ምንነቱን ሲጠይቅ ከከሚሴ ተነስቶ ባቲ እስኪደርስ ያወራል። እኔም በክፍሌ ውስጥ ስሌቱን አስተምራለሁ፤ መልሱ አሁንም ትክክል ነው። ሰሌዳውን ካጠፋሁ በኋላ ግን እንዲህ እላቸዋለሁ፤ ይህን ሁሉ የምታውቅ አንዲት ሴት አንድ ቀን «ሂድ» ብላ ነበር፤ የቆመው በተረቱ የሳቀው ልጅ ነው። ከዚያ እስከ አስር ሁለት ጊዜ እንቆጥራለን። አርባ ልጅ አንድ ላይ ሲቆጥር ድምፁ ከግቢው አልፎ ዋናው መንገድ ድረስ ይሰማል፤ አንዳንድ ባጃጅ ነጂዎችም፣ ለምን እንደሆነ ሳያውቁት ይመስለኛል፣ እዚያ ሲደርሱ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ።